የበቅሎዎቹ ቀይ አፈር

ቤንዚን ይዛችሁ ኑ ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ። ከተማው በሙሉ ይህን ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን ፊት ለፊት ተናግሮኝ አያውቅም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስሜ ቨርና ስቲድሃም ነው። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። አርባ አራቱን ዓመት በሄልተን ሜዳ፣ ከውጤት ሰሌዳው ጀርባ የቆርቆሮ ቁጥር እያንጠለጠልኩ ነው የጨረስኩት። ሌሎች ከተሞች በመብራት የሚሠራ ሰሌዳ ካስገቡ ቆይተዋል። እኛ ጋ አንድ ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር አንዲት አሮጊት መሰላል ትወጣ ነበር። የቡድናችንን ታሪክ ከእኔ ይልቅ ጉልበቴ ያውቀዋል።

የቤዝቦል ቡድናችን "በቅሎዎቹ" ይባላል። የድንጋይ ከሰል ኩባንያው ሜዳውን ለሠራተኞቹ ሲሠራ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ጋሪ የሚጎትቱ በቅሎዎች ገና ነበሩና ስሙን ከእነሱ ወሰደ። የእኛ ተራራ አፈር ጥቁርና ድንጋያማ ስለሆነ ኳስ በደንብ አይነጥርበትም። ስለዚህ ልጆቹ የሚሮጡበትን ቀይ አፈር ከደቡብ በባቡር አስመጡት። እሱን እንዲጠብቅ የተቀጠረው አባቴ አምብሮዝ ነበር። በሃያ ዓመቱ ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ተሰብሮ ለሌላ ሥራ የማይሆን ሆኖ ነበርና፣ ኩባንያው ሜዳውን የሰጠው ለማባበያ ነው። አባቴ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። እሱ ሲሞት ወንድሜ ኦዴል ተረከበ። ኦዴል ከዚያ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ሚስትም አላገባም። ለምን አታገባም ሲሉት "ሣሩን ማን ያጭዳል?" ይላቸው ነበር። ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አብሬው ስላደግሁ የምሩን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ የከሰሉ ጉድጓድ ተዘጋ። የጫማ ፋብሪካው ተከተለ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ከሸለቆው ማዶ ካለው ጋር "ተዋሃደ" አሉን፤ የእኛው ተዘጋ ማለት ነው። ቡድኑ ብቻ ቀረ። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ቡድናችንን በሥሩ የያዘው የትልቁ ሊግ ክለብ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሠላሳ ልጆች ይልክልናል፤ እኛም በየቤታችን እንከፋፈላቸዋለን። አልጋ እንሰጣቸዋለን፤ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እናበላቸዋለን፤ ልብሳቸውን እናጥባለን። ከመቶ አንዱ ትልቁ ሊግ ይደርስ ይሆናል። የቀሩት እያለቀሱ ወደየሀገራቸው ይመለሳሉ። እኛ ግን በጥቅምት ሁሉንም እኩል እንናፍቃቸው ነበር።

ስለ ቤንዚኑ ልንገራችሁ። ሄልተን በሁለት ተራሮች መካከል የተወሸቀች ናት፤ አንዴ የገባ ዝናብ መውጫው ይጠፋዋል። ቀይ አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ጭቃ ነው፤ በጭቃ ላይ የተጫወተ ልጅ እግሩን ይሰብራል። አባቴ መላውን ከድሮ ሰዎች ተምሮታል። ቤንዚን ታፈስሳለህ፤ ክብሪት ትጭራለህ፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ አፈሩን ጥርስ ባለው ብረት ትገለብጥና ደግመህ ታፈስሳለህ። ጎበዝ ከሆንክ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጭቃ የነበረው ሜዳ እንደ ዱቄት ይሆናል።

ይህ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ ደቦ ነበር። ዝናብ ያደረ ቀን ጠዋት ከእኛ ቤት ስልክ ሲደወል፣ ሁሉም ለሣር ማጨጃው ካስቀመጠው ቤንዚን ጀሪካን ሞልቶ ይመጣል። ለየቤተሰቡም ቦታ አለው። ሯጮቹ በየተራ ከሚረግጧቸው ማዕዘኖች፣ ከቤዞቹ፣ ሁለተኛው የሙሊንሶች ነው። ሦስተኛው የጊልያሞች። ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ የእኛ። አያት ያፈሰሰበት ላይ የልጅ ልጅ ያፈስሳል። ከቤተሰቡ ሰው ቢሞት ቦታውን ሌላ አይነካበትም፤ የሚተካው እስኪመጣ ድረስ ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን። ሌላ ከተማ ሰልፍ አለው፣ ርችት አለው። እኛ ይሄ ነበረን፤ እንኮራበትም ነበር።

ያን ዓመት በጸደይ ደብዳቤ መጣ። ትላልቆቹ ክለቦች፣ "የትንንሽ ከተማ ቡድኖች በዝተውብናልና እንቀንሳለን" ብለዋል። እኛ የተጻፍነው ከሚያጠራጥሩት ጋር ነበር። በነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ አንድ ሰው መጥቶ አይቶን ይወስናል። በዚያ በጋ ሜዳው ውሃ ይዞ ሁለት ጨዋታ ተሰርዞብናል፤ ሦስተኛ ከተሰረዘ ግን ሰውየው መምጣትም አያስፈልገውም፤ ቡድኑ አበቃለት ይላል ደብዳቤው።

የጉዳዩ ሁሉ ሥር ሸራው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቀዩን አፈር የምንሸፍንበት ሸራ አርጅቶ ከጨርቁ መጣፊያው በልጧል። ኦዴል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አዲስ ሸራ ለምኗል። የቡድኑ ባለቤት ሌላ ስቴት የሚኖር ጥርስ ሐኪም ነው፤ በዓመት አንዴ ይመጣና ቋሊማ በዳቦ በልቶ "ለከርሞ" ብሎ ይሄዳል። ኦዴልም ክረምት ክረምት ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ በወፍራም መርፌ ይጥፋል። ዘጠኝ ክረምት እንዲህ አለፈ።

በዚያ ሳምንት ዝናቡ ማክሰኞ ጀመረ፤ የቆመው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። ጨዋታው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሲነጋጋ ሜዳ ስደርስ ኦዴል ሸራውን ገፎ፣ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጦበታል፤ በእጁ ትልቅ ስፖንጅ ይዟል። ከሦስተኛው ቤዝ እስከ ሁለተኛው ውሃ ተኝቷል።

"ዳክዬ ብቻ ነው የጎደለን" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

"ማድረቂያው ዱቄትስ?"

"ሐሙስ አለቀ።"

አጠገቡ ቆምኩ። ወንድሜን ስልሳ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ትከሻው እንደዚያ ቀን ወድቆ ያየሁት አባታችንን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው። ሜዳው ከተዘጋ ኦዴል ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ አሰብኩ። ጠዋት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? የሰው ልጅ ሆዱ ሲባባ አፉ ይፈጥናል መሰለኝ።

"አባባ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?" አልኩት።

"ይሄን ያህል ውሃ በቤንዚን ደርቆ አያውቅም፣ ቨርና።"

"በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባቱ ጎርፍ ደርቋል።"

"ያኔ አባባ ነበረ።" ስፖንጁን ጨመቀው። "ደግሞ ሰውየው ሽታውን ቢጠላስ? ይሄ የዛሬ ዘመን ሰው..."

"ከመሰረዝ መሽተት ይሻላል" አልኩት። እንዲህ ያለ ብልህ ነኝ እኔ።

ስፖንጁን ጥሎ ከባልዲው ላይ ተነሳ። እሺ ማለቱ ነው። ኦዴል በቃል እሺ አይልም።

ቢሮው ገብቼ ስልኩን አነሳሁ። ሙሊንሶችን፣ ጊልያሞችን፣ ቄሱን፣ ጫማ ፋብሪካ አብረውኝ የሠሩትን ሴቶች ሁሉ ደወልኩላቸው። ለአንዱም ማብራራት አላስፈለገኝም። "ቨርና ነኝ፤ ይዛችሁ ኑ" ነው ያልኩት፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ይዘጋል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፒክአፖቹ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰልፈው ነበር። ሌላ ከተማ ያገቡ ልጆች ሳይቀሩ መጥተዋል። ኮራ ሙሊንስ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ የልጅ ልጇ እየነዳቻት፣ የሟች ባሏን ቆብ አድርጋ፣ ትንሿን ጀሪካን ጭኗ ላይ አቅፋ መጣች። ልጅቷ ልታግዛት ስትል "ልቀቂ፤ ይሄ የእኔና የሄርሼል ቦታ ነው" ብላ እጇን መታቻትና ሁለተኛው ቤዝ ላይ ራሷ አፈሰሰች።

በየቦታችን አፈሰስን። ኦዴል ሁላችንንም ወደ ሣሩ አስወጥቶ ክብሪቱን ጫረ።

እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተነጠፈ፤ ከዚያ ቢጫ። እንፋሎቱ እየተግተለተለ ተራራውን ጋረደው። እኔ ቤት የሚኖር ጆርሊስ የሚባል የቬኔዝዌላ ልጅ ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ነው የሚጫወተው። ልብስ መቀየሪያው በር ላይ በካልሲ ቆሞ አማተበ።

"ሚስ ቨርና፣ እዚህ ሀገር ሜዳ ያቃጥላሉ?"

"ሲረጥብ ብቻ ነው፣ ልጄ። ሂድ ጫማህን አድርግ።"

አራት ጊዜ አፈሰስን፤ አራት ጊዜ ነደደ። በመካከሉ ወንዶቹ አፈሩን ይገለብጣሉ፤ ኦዴል እየተንበረከከ በመዳፉ ይፈትሻል። በአራተኛው ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ ጨበጠ፤ ሲከፍተው በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ። እኔን ፈልጎ አየኝ። ሳቀ ማለት አልችልም፤ ኦዴል ጥርሱን የሚያሳይ ሰው አይደለም። ግን ትከሻው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

ከሊጉ የተላከው ሰው ሚስተር አልደን ይባላል፤ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ መንገር ይቀለኝ ነበር። ጨዋ ሰው ነው። አንዴ ሰምቶ የሰውን ስም የሚይዝ፣ ለኮራ ሙሊንስ ቆቡን የሚያነሳ። ከአንድ ሺህ በላይ ሕዝብ ወጥቶ ነበር፤ ከተማችን በሙሉ ተቆጥሮ ሁለት ሺህ አይሞላም።

በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር አራት ለሦስት እየመራን ነው። ተጋጣሚዎቻችን ሁለት ሰው ወጥቶባቸዋል፤ አንድ ከወጣባቸው ያበቃል፤ ግን ሦስተኛው ቤዝ ላይ አንድ ሯጭ አላቸው፤ እሱ ከገባ እኩል እንሆናለን። መቺያቸው ኳሷን መሬት ለመሬት ለጋት። ኳሷ በቀጥታ ጠዋት ኩሬ የነበረው ቦታ ላይ ነጠረች። እርጥብ ቢሆን ኖሮ ወይ ትሰምጥ፣ ወይ ዘላ የጆርሊስን ጥርስ ታረግፍ ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ነጥራ ጓንቱ ውስጥ ገባች። ጆርሊስ ወደ አንደኛው ቤዝ ወረወራት፤ ሦስተኛው ሰው ወጣ፤ አለቀ። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ። ከዚያ የመጨረሻዋን ዜሮ አንጠለጠልኩ።

ሕዝቡ ሲበተን ሚስተር አልደን ወደ ሜዳው ወረደ። ቀዩን አፈር በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ኦዴልን ጨበጠው።

"ትናንት ስደውል ሐይቅ ነው ብለውኝ ነበር" አለ። "ሃያ ስድስት ሜዳ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አፈር አልገጠመኝም። እንዴት አደረቃችሁት?"

ኦዴል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በዕድሜው ይህን ጥያቄ የጠየቀው እንግዳ አልነበረም። ለሰባት ሰላምታ አንድ ቃል የሚመልስ ወንድሜ፣ ያን ቀን አፉ ተፈታ። ስለ አባባ ነገረው፤ ስለ ባቡሩ አፈር፤ ክብሪቱ ከየት በኩል መጫር እንዳለበት። ሰውየው ደብተር አውጥቶ "ከመቼ ጀምሮ?" ሲለው፣ "ሜዳው ከተሠራ ጀምሮ፤ ሰማንያ ዓመት" አለው፣ ደረቱን ነፍቶ።

እኔስ ዝም አልኩ? መቼ ሆኖልኝ። "የሰባ ሰባቱን ንገረው እንጂ" ብዬ ገባሁበት። "በሰባ ሰባት አራት በርሜል ነው ያፈሰስነው፣ አራት ሙሉ በርሜል። በማግስቱ ተጫውተናል።" ኮራ ከመኪናዋ መስኮት ባዶ ጀሪካኗን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ሰውየው እየሳቀ፣ እየተደነቀ ሁሉንም ጻፈ። የቤተሰቦቹን ስምና ቦታ ሳይቀር እኔ ነኝ ፊደል በፊደል ያስጻፍኩት።

ሪፖርቱ በመስከረም መጨረሻ ደረሰን። ቢሮው ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ይቀጥል" ብሎናል። ቡድን ማለት ለከተማው ምን እንደሆነ ሄልተን ሄዶ ያየ ይረዳል፤ ሰማንያ ዓመት ሙሉ በየዝናቡ በገዛ ቤንዚናቸው ሜዳቸውን ያደርቃሉ ብሎ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎልናል። ኦዴል ያችን ገጽ ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

ያች ገጽ ግን ሌሎች ሰዎች ጠረጴዛ ላይም ደርሳ ኖሯል። በጥቅምት መሰርሰሪያ የጫኑ ሁለት መኪኖች መጡ። አፈርና ውሃ የሚመረምሩ የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ሜዳውን አሥራ አራት ቦታ በሱት። አራት ሜትር ወርደውም ቤንዚን ነው፤ ከድሮው ዘመን ቤንዚን የቀረ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረትም አለበት። ከመቀመጫው ደረጃ ጀርባ ያለውን ቧንቧ የሚያጠጣው ጉድጓድም ተበክሏል።

"ከዚህ ቧንቧ ማን ይጠጣ ነበር?" አለ አለቃቸው፤ ዝግ ያለ ድምፅ ያለው ወጣት ነው።

"ሁላችንም" አልኩት። "ልጆቹም።"

ወደ ኦዴል ዞረ። "ከእርስዎ በፊት እዚህ የሠራ ሰው አለ?"

"አባቴ።"

"በሕይወት አሉ?"

"በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ሞተ። የደም ካንሰር ነው ብለውናል።"

ወጣቱ ይጽፋል ብዬ ስጠብቅ ደብተሩን ዘጋ። "አዝናለሁ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ኦዴል ቤንዚኑና የአባባ በሽታ እንደሚገናኙ ወዲያው የገባው አልመሰለኝም። ማታ እራት ላይ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ እጆቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ሲያያቸው አየሁት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ መጥፎ ልማድ ይዞኛል። በየቦታው ያፈስሱ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ሄርሼል ሙሊንስ፣ ሁለቱ የጊልያም ወንድማማቾች፣ ማን በምን እንደሞተ። የተረጋገጠ ነገር የለም። ቢረጋገጥስ ማንን እከስሳለሁ?

ሜዳው በሰንሰለት ታጠረ። ሜዳ የሌለው ቡድን በኅዳር ተሰረዘ፤ ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ጥርስ ሐኪሙ ለከርሞ እንኳን ሳይል ቀረ። አንድም ሰው እኔን ወይም ኦዴልን አልወቀሰም፤ ምክንያቱም ጀሪካን ሳይዝ የመጣ አልነበረም። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች ይባል የለ? እኛም ስማችንን ሆነን ቀረን።

አፈሩን ሊያነሱ የመጡት በቀጣዩ ሰኔ ነው፤ ልጆቹ ይመጡበት በነበረው ሳምንት። ኦዴል ያን ክረምት እኔ ቤት ገብቶ ነበር። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፤ ቦቲውን ይፈልጋል፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ይቀመጣል። በቁፋሮው ቀን እባክህ አትሂድ ብለው አልሰማኝም። ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ቁፋሮውን አየ። ሁለተኛው ቤዝ ተነሳ፤ ሦስተኛው ተነሳ። በመጨረሻ የእኛን ጉብታ ማሽኑ ሁለቴ ዘግኖ መኪናው ላይ ገለበጠው። አባታችን ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ኦዴል አርባ ዓመት የደለደሉት ጉብታ ነው።

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ኦዴል በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ ወደ ሾፌሩ ሲሄድ ተከተልኩት። ይጣላል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ዝናብ ሊጥል ነው" አለው። "እንዲሁ ነው የምትወስዱት?"

"ኧረ አይቻልም፣ አባቴ" አለ ሾፌሩ። "የተመረዘ አፈር ነው፤ ጠብታ እንዳይነካው ሕግ አለ።"

አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ከመኪናው ራስ ላይ አንድ ሸራ በራሱ እየተዘረጋ መጥቶ ቀዩን አፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነው። አዲስ ነው፤ ወፍራም ነው፤ አንድ መጣፊያ የለበትም። ኦዴል እጁን ዘርግቶ ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸት አሸት አደረገው፤ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሸራው ላይ አርፈው ሳይሰርጉ እየተንከባለሉ ወረዱ።

"ጥሩ ሸራ ነው" አለ።

ሾፌሩ "አዎ፤ ውሃ አያሳልፍም" ብሎት ሞተሩን አስነሳ። ኦዴል መኪናው ሲንቀሳቀስም ጠርዙን አልለቀቀውም ነበር። ሁለት ሦስት እርምጃ አብሮት ሄደ፤ ከዚያ እኔ እጁን ያዝኩት።